ባለሱቁ ባነጠፉት መንገድ የወጡበት ቀን

በዚያን ቀን ከቆርቆሮው አጥር ሥር የቆምነው እነማን እንደነበርን አስቀድሜ አንድ በአንድ እጽፋለሁ። ስም አልጠራም፤ በመንገዳችን ሰው የሚታወቀው በሥራውና በበሩ ነው።

የሟቹ ባለቤት ሰሌን ላይ ተቀምጠዋል፤ ሻሻቸውን እስከ ቅንድባቸው አውርደዋል። ሴት ልጃቸው ከኋላቸው ቆማ ሁለት ትከሻቸውን ይዛለች። ሬሳውን ያጠቡት ሼህ አሉ፤ እጅጌያቸው ገና አልደረቀም። የዕድራችን ዳኛ አሉ፤ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጡረታ የወጡ ጸሐፊ ናቸው፣ በሙቀትም በብርድም ክራቫታቸውን አይፈቱም። ባለወፍጮው አሉ፤ ሥራቸውን አቋርጠው ስለመጡ ሽፋሽፍታቸው ላይ ዱቄት አለ። የዕድሩ ጥሩምባ ነፊ አለ፤ ጥሩምባውን ብብቱ ሥር ይዟል። ጠላ ሻጯ እትዬ አሉ። እኔ አለሁ፤ ያኔ በባለወፍጮው ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ከአጥሩ ማዶ፣ እኛ በማናየው በኩል፣ የጠላ ሻጯ ወንድ ልጅ ጠመንጃ ይዞ ቆሟል፤ የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ነው። በመካከላችን ቃሬዛው አለ፤ በቃሬዛው ላይ ባለሱቁ አሉ።

ከእኛ ኋላ መንገዱን የሞላ ሰው ነበር። ማን የት እንደቆመ በትክክል ስለማላስታውስ እነሱን አልዘረዝርም።

ይህ ሁሉ ሰው ሬሳ ይዞ አጥር ሥር ለምን እንደቆመ ለመናገር ከመንገዱ መጀመር አለብኝ።

መንገዳችን ከመካኒሳ አቦ ዝቅ ብሎ፣ ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ ወደ ወንዙ ይወርዳል። አባቴ እዚህ ቤት ሲሠራ መንገድ የሚባል ነገር አልነበረም ይል ነበር። በባሕር ዛፍ መካከል ከብት ወደ ውሃ የሚወርድበት ቀጭን መስመር ብቻ ነበር። አፈሩ ጥቁር ነው፤ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ጫማ ይዞ ያስቀራል። ከለቡና ከሀና ማርያም በኩል እህል ጭነው ወደ ወፍጮው የሚመጡ አህዮች ሐምሌ ላይ እስከ ጉልበታቸው ይሰጥሙ ነበር። ነጂዎቹ ጭነቱን አውርደው በጀርባቸው ተሸክመው ወፍጮ ቤት ያደርሳሉ፤ ከዚያ ተመልሰው አህያውን ከጭቃው ይጎትታሉ።

ባለሱቁ ከስልጤ አገር መጥተው ከመንገዱ መግቢያ ላይ ሱቅ ከፈቱ። አጭር፣ ቀጠን ያሉ፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን የማያነሱ ሰው ነበሩ። አንድ ክረምት ለአህያ ነጂዎቹ፣ ከዛሬ ጀምሮ ስትመጡ በየአህያው ጭነት ላይ አንድ ድንጋይ ጨምሩ፣ ድንጋይ ይዞ ለመጣ ሻይ አለው አሏቸው። ሱቁ ጓዳ ውስጥ ከከሰል የማትወርድ የጠቆረች ማንቆርቆሪያ ነበረች። ነጂዎቹ መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ አንዱ አመጣ፣ ሌላውም አመጣ፣ ውሎ አድሮ ድንጋይ ሳይዙ መምጣት የሚያሳፍር ሆነ። አህያዋ በጤፍ ክብደት ጎብጣ እየተንቀጠቀጠች፣ ድንጋይ የረሳውን ነጂ ጓደኞቹ "ባዶ እጅህን መጣህ እንዴ?" ብለው ይሥቁበት ነበር።

ያነጠፉት ባለሱቁ ራሳቸው ናቸው። ሱቅ ከመክፈታቸው በፊት ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አጣፍተው፣ ጆንያ ላይ ተንበርክከው ይሠሩ ነበር። ትልልቁን ድንጋይ መሃል፣ ትንንሹን ዳር ያደርጋሉ። ውሃው ወደ ግራና ወደ ቀኝ እንዲወርድ መሃሉን ትንሽ ከፍ ያደርጉታል። አንዱን ድንጋይ ካስቀመጡ በኋላ ቆመውበት ሰውነታቸውን ያወዛውዛሉ፤ ካልተነቃነቀ ወደሚቀጥለው ያልፋሉ፣ ከተነቃነቀ አውጥተው ሥሩን እንደገና ይቆፍራሉ። እንዲህ እያሉ ከሱቁ እስከ ወፍጮው፣ ከወፍጮው እስከ ወንዙ አፋፍ ዓመታት ፈጀባቸው። በመጨረሻ ዋናው መንገድ ጋ፣ መውጫው ላይ፣ በሬ ጎትቶ ያመጣውን ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተከሉ። አውቶቡስ የምንሳፈር ሰዎች ጫማችንን እዚያ ላይ እንጠርግ ነበር።

ያ ድንጋይ ሌላ አገልግሎትም ነበረው። የባለሱቁ እናት የሞቱ ጊዜ ቃሬዛውን እዚያ ላይ አሳርፈው ሰውን ጠየቁ። በእስልምና ሬሳ ከመቀበሩ በፊት ያስቀየማችሁ ካለ አውፍ በሉት ይባላል፤ ይቅር በሉት ማለት ነው። ሙስሊሞቹ "አውፍ ብለናል" ብለው መለሱ። ክርስቲያኖቹ ምን እንደሚባል ስላላወቁ ዝም ብለው ቆሙ። ያን ጊዜ የዕድሩ ዳኛ ባርኔጣቸውን አንሥተው "እኛም ይቅር ብለናል" አሉ፤ አውቶቡስ የሚጠብቁ መንገደኞችም ሳይቀሩ ተከተሏቸው። ቆይቶ የባለወፍጮው አባት ሲሞቱ፣ ባለወፍጮው ማንም ሳይነግራቸው የሬሳ ሣጥኑን እዚያው ድንጋይ ላይ አሳርፈው፣ አባቴ ያስቀየማችሁ ካላችሁ ይቅር በሉልኝ ብለው ጠየቁ። ከፊት የነበሩት ቄስ ቅር ብሏቸው "ይህ ደግሞ ከየት የመጣ ሥርዓት ነው?" አሉ።

"ከመንገዱ ነው፣ አባቴ" አሏቸው ባለወፍጮው።

ከዚያ ወዲህ ክርስቲያንም ሆነ ሙስሊም፣ ከመንገዳችን የወጣ ሬሳ ሁሉ እዚያ ድንጋይ ላይ አርፎ ነው የሄደው። ሟቹን አይተውት የማያውቁ መንገደኞች ጭምር ቆመው ይቅር ይሉ ነበር።

አብዮቱ ሲመጣ መንገዱ በመልኩም በድምፁም ተለወጠ። ከባለሱቁ ቤት ጀርባ የነበሩት የሚከራዩ ክፍሎች የቀበሌ ሆኑ። ስኳርና ጨው ወደ ቀበሌው ሱቅ ስለሄደ በባለሱቁ መደርደሪያ ላይ ክብሪት፣ ክርና የባትሪ ድንጋይ ብቻ ቀረ። ግድግዳው ላይ መፈክር ተጻፈ፤ ዝናብ ሲያፈዘው ላዩ ላይ ሌላ ተጻፈበት፤ የቀድሞው ከሥር እየታየ ሁለቱም የማይነበቡ ሆኑ። ቀድሞ እስኪመሽ በር ላይ ቆሞ ያወራ የነበረው ሰው ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ በሩን መዝጋት ጀመረ።

ከዚያ የባለሱቁን የበኩር ልጅ ወሰዱት። ተማሪ ነበር፤ ጎህ ሲቀድ ከቤት አስወጥተውት በዚያው አባቱ ባነጠፉት ድንጋይ ላይ በባዶ እግሩ ሄደ። አልተመለሰም። ሬሳም አልተሰጠም። ያን ጊዜ ለእንዲህ ያለ ሟች ማልቀስ ክልክል ነበር። ባለሱቁ በማግስቱ ሱቃቸውን ከፈቱ፤ ቢዘጉ ሐዘን ተቀመጡ ተብለው ይጠየቁ ነበርና። ክብሪት ልገዛ ገብቼ ነበር፤ ዓይናቸውን ከእጄ ላይ አላነሡም። እናትየው ጓዳ ውስጥ ጨርቅ አፋቸው ላይ አድርገው እንዳለቀሱ የሰማሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ከሴት ልጃቸው ነው።

አጥሩ የመጣው መንገዱ ያን ሁሉ ዝምታ ከለመደ በኋላ ነው። ለአብዮቱ በዓል ዋናው መንገድ ማማር ነበረበት። እንግዶች በመኪና ሲያልፉ የጭቃ ቤቶቻችንና ያዘመመው የወፍጮ ቤት መታየት እንደሌለባቸው ተነገረን። ስለዚህ ከዋናው መንገድ ዳር የባሕር ዛፍ ግንድ ተተከለ፣ ግንዱ ላይ ቆርቆሮ ተመታ፣ ቆርቆሮው በማዶ በኩል አረንጓዴ ተቀባ፣ መፈክርም ተጻፈበት። የመንገዳችን መውጫም አብሮ ተዘጋ። ጉድጓዱን የቆፈርነው እኛው የመንገዱ ነዋሪዎች ነን፤ ከየቤቱ አንድ ሰው ውጡ ተብለን ወጣን። ባለሱቁ ያን ጊዜ ታመው ስለነበር ዶማቸውን በሴት ልጃቸው ላኩ። በሰፊው ድንጋይ ላይ ጉድጓድ መቆፈር ስላልተቻለ ግንዶቹ ከግራና ከቀኙ ተተከሉ፣ ቆርቆሮው በድንጋዩ ላይ አለፈ፤ ግማሹ ድንጋይ ወደ እኛ፣ ግማሹ ወደ ዋናው መንገድ ቀረ።

"ለበዓሉ ሰሞን ብቻ ነው" አሉን። አመንን።

ከዚያ ወዲህ የምንወጣው በታች በኩል ነበር፤ ከቀበሌው የጋራ ሽንት ቤት ኋላ፣ ቆሻሻ በሚጣልበት የወንዙ ዳገት፣ የሣር ሥር እየጨበጥን። ባለሱቁ ግን የትም አልወጡም። በየጠዋቱ የሱቁን መስኮት ይከፍቱና ፊት ለፊት ያለውን ያልተቀባ የቆርቆሮ ጀርባ እያዩ ይቀመጡ ነበር። አላፊ ስለሌለ የሚገዛም አልነበረም። አንድ ቀን መስኮቱ ሳይከፈት ቀረ፣ በሌላ ቀን ጠዋት ጥሩምባው ተነፋ።

ሬሳው ታጥቦ፣ ተከፍኖ፣ ቃሬዛው ላይ ከሆነ በኋላ ዳኛው ከአጥሩ ሁለት ቆርቆሮ ለማስነሣት ፈቃድ ሊጠይቁ ቀበሌ ሄዱ። እኛ ቃሬዛውን ይዘን እስከ አጥሩ ድረስ መጥተን ጠበቅናቸው። በሽንት ቤቱ በኩል ዞረው ሲመለሱ ፊታቸውን አይተን መልሱን አወቅን።

"ሊቀመንበሩ የሰልፍ ልምምድ ላይ ናቸው" አሉ። "ጸሐፊው ደግሞ ያለ እሳቸው አንድ ምስማር አላስነቅልም አለ። ሬሳው እንዳለፈ መልሰን እንመታዋለን ብዬ ለመንኩት። አጥሩን የነካ አሻጥረኛ ነው አለኝ።"

"ሬሳ መሆኑን አልነገሩትም?" አሉ ባለወፍጮው።

"ነገርኩት። በጓሮ አውጡት አለ።"

ሁላችንም ወደ ሰሌኑ ዞርን። ሴትየዋ ቀና አላሉም።

"የልጆቼ አባት በሽንት ቤት ጓሮ አይወጡም" አሉ።

ዳኛው ጎንበስ አሉላቸው። "ይረዱኝ፣ እትዬ። በእናንተ ደንብ ሬሳ አይቆይም። ፀሐዩ እየዞረ ነው።"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ ምን እናድርግ?"

"ለልጄ ቃሬዛ አልወጣለትም። ይቅር በሉት ብዬም ሰው አልጠየቅሁለት። ያን ጊዜ ዝም በይ አላችሁኝ፣ ዝም አልኩ። እናንተን ብዬ ሳይሆን ይችን ልጅ ብዬ ዝም አልኩ። ለአባቱ ግን ዝም አልልም። ይህን ድንጋይ ማን እንዳነጠፈው ታውቃላችሁ። በዚህ ነው የሚወጡት፣ ሰውም ይቅር ሳይላቸው አይሄዱም።"

ጥሩምባ ነፊው ጥሩምባውን ከአንዱ ብብት ወደ ሌላው አዛወረ።

ያን ጊዜ ጠላ ሻጯ ተነሥተው ቆርቆሮውን በመዳፋቸው መቱት።

"አንተ!"

"እማዬ፣ ሥራ ላይ ነኝ" አለ ከማዶ የልጃቸው ድምፅ።

"ሥራህ ቆርቆሮ መጠበቅ ነው?"

"እማዬ፣ ሰው ይሰማል።"

"ይስማ! ልጅ ሆነህ ቁርስ ሳትበላ ስትወጣ ብስኩት እጅህ ላይ የሚያደርግልህ ማን ነበር? እነሆ ከዚህ ወዲህ ተኝተዋል። ክፈት!"

"ትእዛዝ ነው። አንድ ምስማር ቢነቀል የምታሰረው እኔ ነኝ።"

"ጓድ መሆንህን ሳጠባህ ብትነግረኝ ኖሮ ጡቴን እሰበስብ ነበር!"

ከኋላ የቆመው ሰው ሣቀ። ሐዘንተኛዋ ልጅ ሣቅ አምልጧት አፏን በሻሿ ያዘች።

"መክፈት የጠላሁ መሰለሽ?" አለ ልጃቸው ከማዶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ሼሁ እጃቸውን ዘርግተው ጠላ ሻጯን መለሷቸው። "ልጁን ተይው። እሱም ታስሮ ነው የቆመው" አሉ። ወደ ሐዘንተኛዋ ዞረው፣ "መጠየቁን እዚሁ እናድርገው። ባናየውም ማዶ ሰው አለ። ከዚያ አላህ የሚያሳየንን እናያለን" አሏቸው። ሴትየዋ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው እሺታ ሰጡ።

ቃሬዛውን አንሥተን፣ ሰፊው ድንጋይ ለእኛ በቀረው ግማሽ ላይ አሳረፍነው። የቃሬዛው ጫፍ ቆርቆሮውን ሊነካ ትንሽ ቀረው። ሼሁ ፊታቸውን ወደ ቆርቆሮው አደረጉ። ሽማግሌ ናቸው፤ ድምፃቸው እንደዚያ ይወጣል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

"ሰዎች ሆይ! ያስቀየሟችሁ ካለ አውፍ በሉ! ይቅር በሉ!"

ከእኛ በኩል ያለው ሰው ሁሉ መለሰ። ከማዶ ግን መልስ አልነበረም። መኪና አለፈ። ሌላ መኪና ጥሩምባ ነፋ። ከዚያ አንዲት ሴት "ማን ነው የሞተው?" ስትል ሰማን።

የመለሰላት ጠባቂው ነው። "ባለሱቁ ናቸው። እዚህ መግቢያው ላይ የነበሩት፣ ድንጋዩን ያነጠፉት። ቃሬዛው ከወዲያ ማዶ ነው፣ ባለቤታቸውም እዚያው ናቸው።"

"ይቅር ብለናል!" አለ አንድ ወፍራም የወንድ ድምፅ።

"አውፍ ብለናል" አለ ሌላው። ከዚያ ቁጥራቸውን የማላውቀው ሰዎች፣ ወንድም ሴትም፣ አንዱ ባንዱ ላይ እየደረበ መለሱ። ሴትየዋ ከሰሌኑ ላይ ተነሥተው መጥተው እጃቸውን ቆርቆሮው ላይ አሳረፉ። ያልተቀባው ቆርቆሮ ከማዶ በሚመጣው ድምፅ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሲያለቅሱ ያየኋቸው ያኔ ነው፤ ድምፅ አውጥተው፣ ሳይደበቁ።

"ታዲያ ለምን አይወጡም?" አለ ያ ወፍራም ድምፅ።

"አጥሩ አይነካም" አለ ጠባቂው።

"አጥሩን ማን ይነካዋል? በላይ ያሳልፉልን። እኛ እንቀበላለን።"

እርስ በርስ ተያየን። ባለወፍጮው ቃሬዛውን አይተው፣ "የወፍጮ ቤቴን ሦስት ደረጃ ለመውጣት ሁለቴ የሚያርፉ ሰውዬ ዛሬ አጥር ሊዘሉ ነው" አሉ። ዱቄት ያለበት ሽፋሽፍታቸው ረጥቦ ነበር።

"ይዝለሉ" አሉ ሐዘንተኛዋ።

ዳኛው ክራቫታቸውን እንደ ልማዳቸው በሁለት ጣት ነካክተው አስተካከሉና አሰቡ። "የተከለከልነው አጥሩን መንካት ነው" አሉ በመጨረሻ። "በላዩ ስላለው ሰማይ የተነገረን ነገር የለም።"

ከዕድሩ ዕቃ ቤት አግዳሚ ወንበሮች መጡ። ሁለቱን በአጥሩ ላይ አሳልፈን ሰጠን፤ ከማዶ ተቀበሉና መሬት ላይ ሲያስቀምጧቸው ሰማን። ሁለቱን በእኛ በኩል አቆምናቸው። ባለወፍጮው፣ ጥሩምባ ነፊው፣ ዳኛውና እኔ ወጣንባቸው። ዳኛው በዕድሜያቸው መውጣት አልነበረባቸውም፤ ግን የዕድሩን ሬሳ ትቼ አልወርድም አሉ።

"ቆዩ" አለ ጠባቂው። "የቆርቆሮው ጫፍ ስለት ነው።" ከዚያ የካኪ ኮቱ ከማዶ ብቅ ብሎ በጫፉ ላይ ተነጠፈ። አንዱ እጅጌ ወደ እኛ በኩል ተንጠለጠለ።

ሼሁ በራስ በኩል እንድናስቀድም ነገሩን። ቃሬዛው ከትከሻችን በላይ ሲወጣ ወንበሩ ከሥራችን ተወዛወዘ፤ ከታች የነበሩት እግሮቹን ያዙልን። ጫፉን በኮቱ ላይ አሳርፈን ወደፊት ገፋነው። ከአጥሩ ወዲያ እጆች ብቅ አሉ። ያየሁት እጆችን ብቻ ስለሆነ በትክክል ልጻፋቸው። አንዱ ግራሶ የጠጣ፣ ጥፍሩ ሥር የጠቆረ እጅ ነበር። አንዱ አውራ ጣቱ ላይ ነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎበታል። አንዱ ቀጭን፣ የተማሪ የሚመስል፣ የሹራብ እጅጌው የተተረተረ ነበር። ሌሎቹ ወዲያው ወዲያው ስለተፈራረቁ አልያዝኳቸውም።

"ያዝኩ" አለ አንዱ። "ያዝኩ" አለ ሌላው። "ልቀቁ" አለ ያ ወፍራም ድምፅ።

ክብደቱ ከእጃችን ቀስ ብሎ ወጣ። ቃሬዛው ከአጥሩ በታች ወርዶ ከዓይናችን ሲሰወር ባለወፍጮው ባዶ እጃቸውን እንደዘረጉ ቀሩ።

ወርደን በሽንት ቤቱ ጓሮ፣ በወንዙ ዳገት ሮጥን። ሼሁን ሁለት ሰዎች ደግፈው አስከተሏቸው። ዋናው መንገድ ላይ ስንወጣ ቃሬዛው ርቆ ሄዷል። በእስልምና ሬሳ በፍጥነት ነው የሚሸኘው፤ መንገደኛውም ለጥቂት እርምጃ ትከሻውን ሰጥቶ ለሚቀጥለው ይለቃል። ደርሰንበት ስንቀላቀል የተሸከሙት ሰዎች ብዙ ጊዜ ተቀያይረዋል። እጃቸውን ለማየት ሞከርኩ። ግራሶ ያለበትም፣ ጨርቅ የተጠቀለለበትም አላገኘሁም። የመጀመሪያዎቹ ወደ መንገዳቸው ተመልሰው ነበር።

ቀብረን ስንመለስ ሴትየዋ እዚያው አጥሩ ሥር፣ ሰሌኑ ላይ ነበሩ። "ማን ተቀበላቸው?" ብለው ጠየቁን። አናውቅም አልናቸው። ጠባቂውን ጠየቅነው። "እኔ ቃሬዛውን ነበር የማየው" አለ። "እንዳይወድቅ። ፊታቸውን አላየሁም።" ኮቱ ሁለት ቦታ ተቀዶ ነበር።

በማግስቱ ከቀበሌው መጥተው አጥሩን መረመሩ። ምስማሮቹን አንድ በአንድ ዳሰሱ፤ የተነቀለ የለም። ቀለሙ አልተፋቀም። "አጥሩ እንዳለ ነው፣ ጓድ" አሉ ዳኛው፣ ከዚህ ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ጠባቂው ብዙ ሳይቆይ ወደ ሰሜን ዘመተ። አልተመለሰም። ጠላ ሻጯ ጠላ መጥመቁን ተዉ፤ በራቸው ላይ ጠላ መኖሩን የሚያመለክተው የቆርቆሮ ጣሳ ከእንጨቱ ላይ ወረደ። ከአጥሩ ማዶ የሆነውን ሁሉ በዓይኑ ያየ፣ ከእኛ ሰው የምንለው እሱ ብቻ ነበር።

አጥሩ በዓሉ ካለፈ በኋላም ለዓመታት እንደቆመ ቀረ። አላፊ ስላልነበረ በድንጋዮቹ መካከል ሣር በቀለ። የለቡና የሀና ማርያም ነጂዎች ዞረው መምጣቱ ሰልችቷቸው እህላቸውን ሌላ ወፍጮ ወሰዱ፤ የእኛው ወፍጮ ተዘጋ፣ እኔም ሌላ ሥራ ፈለግሁ። ደርግ ሲወድቅ አጥሩ በጥቂት ቀናት ውስጥ አለቀ። መንግሥት አላፈረሰውም፤ ሰው ነው ቆርቆሮውን እየነቀለ የወሰደው። ዛሬ ከዋናው መንገድ ቁልቁል ቢታይ በመንደራችን ጣራዎች መካከል አረንጓዴ ቆርቆሮዎች ይታያሉ፤ አንዱ ላይ የመፈክር ግማሽ አለ። ከየት እንደመጡ የሚጠይቅ የለም።

መውጫው እንደገና ተከፍቷል። በሱቁ ቦታ የሙዚቃ ካሴት የሚቀዳ ልጅ ተከራይቷል፤ ከፊቱ ሚኒባሶች ቆመው ሰው ይጠራሉ። ድንጋዮቹ ብዙዎቹ ሰጥመዋል፣ የተነቀሉም አሉ። ሁሉንም አንሥተው ቀይ አሸዋና ጠጠር ሊያፈሱበት ነው እየተባለ ነው። ሰፊውንም ድንጋይ ጭምር። ይህን የምጽፈው ያ ከመሆኑ በፊት ነው።

ሴትየዋ በሕይወት አሉ። ዓይናቸው ደክሟል። ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ የሚገባ የማያውቁት ሰው ድምፅ ሲሰሙ ዛሬም "ያን ቀን እዚህ ነበርክ?" ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄያቸው አንድ ነው። እኛ ቃሬዛውን በእኛ በኩል ባለው የድንጋዩ ግማሽ ላይ አሳርፈናል። በማዶ ባለው ግማሽ ላይስ አሳርፈዋቸው ነበር? ወይስ ከአጥሩ ላይ እንደወረዱ በቀጥታ ወደ ትከሻ ወጡ? ጠባቂው ይህን ሳንጠይቀው ነው የዘመተው። ሴትየዋ ይህን ማወቅ ይፈልጋሉ፤ ባለቤታቸው ያነጠፉትን መንገድ እስከ መጨረሻው ድንጋይ ጨርሰው መውጣታቸውን ለማወቅ።

እኔ አላየሁም፤ ያላየሁትን ደግሞ አልጽፍም። በዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ከመካኒሳ አቦ በታች፣ አረንጓዴው አጥር ጋ፣ አውቶቡስ ስትጠብቁ ወይም በእግር ስታልፉ የነበራችሁ፣ ይቅር ብለናል ብላችሁ የመለሳችሁ፣ ወንበር ላይ ወጥታችሁ የተቀበላችሁ፣ ወይም ከተቀበሉት አንዱን የምታውቁ፣ ያያችሁትን ንገሩን። ማን የት እንደቆመ፣ ማን መጀመሪያ እንደያዘ፣ ማን ነው የሞተው ብላ የጠየቀችው መንገደኛ ማን እንደነበረች፣ የያዛችሁትን ጨምሩበት። የተሳሳትኩት ካለ አርሙኝ። ስማችሁን መናገር ባትፈልጉ አትናገሩ። ብቻ ቃሬዛው በዚያኛው ግማሽ ድንጋይ ላይ አርፎ እንደነበረ የሚያስታውስ ካለ፣ ወደ መንደራችን ይውረድና ለእሳቸው ይንገራቸው።